ሞተረኛውና ነፋሱ

የናይሮቢ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከማሳዮች ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከዚያ ረግረጋማ ሜዳ ሲደርስ መሐንዲሶቹ የዕቃ ማከማቻና የሠራተኞች ሰፈር አቋቋሙበት፤ ሰፈሩም እያደገ ሄዶ ዛሬ የኬንያ ዋና ከተማ ሆኗል። ካርታ ገልጦ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከአንድ ዲግሪ እምብዛም ሳትርቅ ለሚያያት ሰው ናይሮቢ ሐሩር የሚጠብሳት ከተማ ትመስለዋለች። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደገኛ ናት። ከአዲስ አበባ ዝቅ ትበል እንጂ፣ በሐምሌ ወር ሰማይዋ በደመና ተሸፍኖ በሚሰነብትበት ጊዜ፣ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ሙቀቷ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚወርድበት ማለዳ አለ። ይህን የስሟን ትርጉም በእግሩ የሚሄድ ሰው ሊዘነጋው ይችላል፤ በሞተር ብስክሌት የሚሄደው ግን በየማለዳው ደረቱ ላይ ያነበዋል።

በከተማዪቱ ውስጥ ሞተረኞች እጅግ ብዙ ናቸው። የሚጠሩበት ስም «ቦዳቦዳ» ነው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ወጣቶች ሰውንና ጓዙን በብስክሌት ላይ አፈናጥጠው ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው ያሻግሩ ነበር። «ከድንበር ወደ ድንበር» ለማለት በእንግሊዝኛ ይጣሩበት የነበረው ቃል በአፍ ሲመላለስ ተሸራርፎ ቦዳቦዳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ መንግሥት ከ250 ሲሲ በታች በሆኑ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይከፈል የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ካነሣ ወዲህ ደግሞ ከህንድ የሚመጡት ቦክሰርና ቲቪኤስ የተባሉት ሞተሮች መንገዱን ሞሉት።

እነዚህን ሞተረኞች ከሩቅ ለሚመለከት እንግዳ አንድ ነገር ግራ ያጋባዋል። ብዙዎቹ ወፍራም ካፖርት ይለብሳሉ፤ የሚለብሱትም ከፊት ወደ ኋላ አዙረው ነው። የካፖርቱ ጀርባ በደረታቸው ላይ፣ ቁልፉ ደግሞ በጀርባቸው ላይ ይውላል። ይህ የሆነው በስንፍና ወይም በፌዝ አይደለም። ነፋስ ቀዳዳ አያጣም፤ በቁልፍና በቁልፍ መካከል ሾልኮ ይገባል። የካፖርቱ ጀርባ ግን ስፌት የሌለበት አንድ ወጥ ግድግዳ ነው። ከጊኮምባ የልባሽ ጨርቅ ገበያ በርካሽ የተገዛ የሩቅ አገር ካፖርት እንዲህ ተገልብጦ ሲለበስ ጋሻ ይሆናል። ለብርዱ ስም ሲያወጡለትም በስዋሂሊ «ባሪዲ» ይሉታል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ሲሰማ ዘመዱን በባዕድ አገር እንዳገኘ ሰው ነው የሚሆነው፤ ምክንያቱም ስዋሂሊ ቃሉን የወሰደው ከዐረብኛ ሲሆን፣ የዐረብኛው ቃልና የእኛው «ብርድ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ከእነዚህ ሞተረኞች መካከል አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። የሚኖረው ኢስሊ በተባለው ሰፈር ሲሆን፣ በዚያ ሰፈር ኢትዮጵያውያን በብዛት ስለሚገኙ አማርኛና ኦሮምኛ ከሶማልኛው ጋር ተቀላቅሎ ይሰማል። ሥራው ሰው ማመላለስ ሳይሆን እንጀራ ማድረስ ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ከሚጋግሩበት ቤት ይደርሳል፤ በሣጥን የታሸገውን እንጀራ ከኋላው ያስርና በፓንጋኒና በንጋራ አልፎ፣ የሙዚየም ኮረብታ ከሚባለው አደባባይ ወደ ኡሁሩ አውራ ጎዳና ይታጠፋል፤ ከዚያም በቫሊ ጎዳና ሽቅብ ወጥቶ ወደ ሐርሊንግሃም ይዘልቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሞምባሳ መንገድ እስከ አቲ ሪቨር ድረስ ይሄዳል። የሞተሩ ፊት ባዶ ነበር። ከፍጥነት መቁጠሪያው በላይ ከነፋሱ የሚከልለው አንዳችም ነገር አልነበረም።

በአንድ ዓመት ሐምሌ ሳል ጀመረው። ሳሉ ወደ ትኩሳት፣ ትኩሳቱም ወደ ውጋት ተለወጠ፤ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ የሳንባ ምች ነው ተባለ። ሦስት ሳምንት ተኛ። ደሴ ለሚኖሩት እናቱ በየወሩ የሚልከው ገንዘብ በዚያ ወር ቀረ፤ ከደንበኞቹም ሁለቱ ሌላ አመላላሽ ያዙ። ሐኪሙ የሳንባ ምችን የሚያመጣው ነፋስ ሳይሆን ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን በጥንቃቄ አስረድቶት ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋ ግን በዚህ አልተስማሙም።

«ሐኪሙ የሚለውን ይበል፣ ልጄ፤ አንተን የመታህ ብርድ ነው» አሉት። «ከደረትህ ፊት አንድ ነገር አቁም። ሰው ነፋስን ባዶ ደረቱን ይዞ አይጋፈጥም።»

«እሺ፣ እትዬ፤ አስብበታለሁ» አላቸው።

በእኛ አገር አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ይህን ክርክር አሳምሮ ያውቀዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በላብ ሲጠመቅ፣ አንዱ መስኮት ገርበብ ቢል «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ልታስመታን ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር መሰማቱ አይቀርም። ሐኪሞች ይህን እምነት ለማስተው ብዙ ደክመዋል። የታፈነ አየር በሽታ እንደሚያዛምትና የተከፈተ መስኮት እንደሚጠቅም በእርግጥ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ እትዬም ከመንገዱ ፈጽሞ አልራቁም። ብርድ ተሕዋስን አይፈጥር ይሆናል፤ ሞተረኛን ግን በሌላ በኩል ይጎዳዋል። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬኑን ለመያዝ ይዘገያል። ትከሻው ይኮማተራል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አሳቡ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ራሱ ሥቃይ ይሳባል። በ10 ዲግሪ ማለዳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው፣ ባልተሸፈነ ፊቱ ላይ የሚሰማው ብርድ 5 ዲግሪ ያህል ነው፤ ምክንያቱም ሰውነት በዙሪያው የሚያሞቀውን ስስ አየር ነፋሱ በየቅጽበቱ እየገፈፈ ይወስድበታል።

የነፋስ ግፊት የሚያድግበት ሕግም ልብ ሊባል ይገባል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደረትን የሚዳብሰው አየር በ80 ኪሎ ሜትር በአራት እጥፍ ኀይል ይገፋል። በናይሮቢ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ይህ ለብርድ ለባሹ ሰው እምብዛም መጽናኛ አይሆንም። ሞተረኛው ይህን ሕግ በቁጥር ባያውቀውም በሰውነቱ ያውቀው ነበር። በንጋራ መጨናነቅ ውስጥ በመኪናዎች መካከል ሲሹለከለክ ነፋስ መኖሩ ትዝ አይለውም፤ ቅዳሜ በሞምባሳ መንገድ ግን እስኪመለስ ድረስ አንገቱ ይዝላል። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን በዝግታ፣ አንድ ቀን በፍጥነት የሚጓዝ ሰው ለዚያች አንድ ቀን ሲል ሞተሩን ይለውጥ ወይ?

ገንዘቡም አሳሳቢ ነበር። የመለዋወጫ ሱቆች በተደረደሩበት በኪሪንያጋ ጎዳና ሄዶ ሲጠይቅ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ከሁለት ቀን ገቢው የሚበልጥ ሆኖ አገኘው። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳየው። አንደኛው ከአክሪሊክ የተሠራ ነው፤ ጥርት ያለ መስታወት ይመስላል፣ በቶሎም አይጫርም፤ ነገር ግን ጠንካራ ምት ካገኘው ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ፖሊካርቦኔት የሚባለው ነው፤ ድንጋይ ቢወረወርበት የሚችል ብርቱ ነገር ሲሆን፣ ድክመቱ ገጹ በቀላሉ መጫሩ ነው፤ ቤንዚን ሲነካውም ይጎዳል። ሻጩ ሁለቱንም እኩል አመሰገነ፤ ነጋዴ እንዲህ ነው። ሞተረኛው አመስግኖ፣ ምንም ሳይገዛ ወጣ።

በሞተረኞች መቆሚያ ያሉ ባልንጀሮቹም አሳባቸው የተለያየ ነበር። አንዱ ከራሱ ላይ እስከ ተሳፋሪው ጀርባ የሚዘረጋ ረጅም ጃንጥላ በሞተሩ ላይ ተክሏል፤ ዝናብና ፀሐይ አይነካውም፤ ነገር ግን ነፋስ ሲነሣ ጃንጥላው እንደ መርከብ ሸራ ተወጥሮ ሞተሩን ወዳልታሰበበት ይጎትተዋል። ሌላው በመሪው ላይ የቆዳ እጅጌ አስሮ «እጅህ ከሞቀ ሌላው ይሞቃል» ይላል። ሦስተኛው ምንም አይልም፤ ካፖርቱን ገልብጦ ለብሶ ይስቃል።

የጃንጥላው ነገር ብዙ የሚያሳስብ ነው። ነፋስን የሚመክት ማናቸውም ሰፊ ነገር ለነፋስ መያዣ እጀታም መሆኑ አይቀርም። ይህን የተማሩት የናይሮቢ ሞተረኞች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአውሮፓ የእሽቅድድም ሞተር ሠሪዎች ፍጥነት ለመጨመር ሲሉ ሞተሩን ከነፊት ጎማው በአንድ ወጥ ልባስ ይሸፍኑት ነበር። የኢጣሊያው ሞቶ ጉዚ ኩባንያ እንዲያውም የነፋስ መፈተኛ ዋሻ አሠርቶ የልባሱን ቅርጽ ያጠና ነበር። ሞተሮቹ በእርግጥ ፈጠኑ፤ ዳሩ ግን ከጎን ነፋስ ሲመታቸው ሰፊው ልባስ ይገፋና ጋላቢው መሪውን መቆጣጠር ያቅተው ጀመር። በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን ከ1958 የውድድር ዘመን አንሥቶ ጎማን የሚሸፍን ልባስ ከለከለ። እነዚያ የሠለጠኑ እሽቅድድመኞች ያቃታቸውን ነገር እንጀራ ጭኖ የሚሄድ ሰው በቀላሉ ይችለዋል ማለት አይቻልም።

ሞተረኛው በመጨረሻ በጆሮው ከመስማት በዓይኑ ማየትን መረጠ። ከኬንያውያን ባልንጀሮቹ አንዱ በሞተሩ ላይ ትልቅ መከላከያ ገጥሞ ስለ ነበር፣ በሚያዝያ ወር ለሦስት ቀን ሞተር ተለዋወጡ።

የመጀመሪያው ቀን ደስታ ነበር። ደረቱ ላይ የሚያርፍ ነገር ጠፋ፤ በሙዚየም ኮረብታ በኩል ሲወርድ ካፖርቱ እንደ ወትሮው አልተወጠረም። ሆኖም ፍጥነት ሲጨምር አንድ አዲስ ነገር ተሰማው። የመከላከያው የላይኛው ጠርዝ ከዓይኑ ትይዩ ነበርና፣ በጠርዙ ላይ ተሰብሮ የሚዞረው አየር የራስ ቁሩን ግራና ቀኝ ያንቀጠቅጠው፣ በጆሮውም ላይ ያለ ማቋረጥ ያጓራ ጀመር። ከደረቱ የተባረረው ነፋስ ከራሱ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። እጆቹና ጉልበቶቹም እንደ ቀድሞው ቀዝቃዛ ነበሩ፤ መከላከያው እስከዚያ አይደርስም።

ሁለተኛው ቀን ቅዳሜ ነበርና ወደ አቲ ሪቨር ሄደ። በኬንያ ተሽከርካሪዎች የሚሄዱት በግራ በኩል ስለ ሆነ ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ሞተረኛውን የሚቀድሙት በስተቀኙ ነው። አንድ ከባድ መኪና ሲያልፍ አየሩ በመጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ወዲያውም መልሶ ወደ መኪናው ይስባል። ባዶ በሆነው ሞተሩ ይህን ግፊያ ለምዶት ነበር። አሁን ግን መከላከያው በመሪው ላይ የታሰረ ስለ ነበር ነፋሱ መሪውን ራሱን ያዘና አወዛወዘው። አልወደቀም። መሪውን አጥብቆ ይዞ ፍጥነቱን ቀነሰና የቀረውን መንገድ በጠርዝ በጠርዝ ሄደ። በስተምዕራብ በሩቁ የንጎንግ ኮረብቶች ይታዩ ነበር፤ በኮረብቶቹ ጫፍ ላይ ነፋሱ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተተከሉ ነጫጭ መዘውሮች አሉ። ነፋስ በዚያ አካባቢ የዋዛ አይደለም፤ ለሥራ ተቀጥሯል።

ሦስተኛው ቀን ግን ከሁሉም የከፋ ሆነ። የሚያዝያ ዝናብ በናይሮቢ የታወቀ ነው፤ በዚያን ምሽትም ሲመለስ ንጋራ አጠገብ ዶፍ ወረደበት። የባልንጀራው መከላከያ ፖሊካርቦኔት ሲሆን፣ ባለቤቱ በየማለዳው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ሲጠርግ ኖሯል። በጨርቁ ላይ ያለው አቧራ እንደ ሞረድ ነው፤ ገጹን በማይቆጠሩ ጭረቶች ሞልቶታል። በቀን ብርሃን አይታዩም ነበር። ከፊት ለፊት የሚመጡት መኪናዎች መብራታቸውን ሲያበሩ ግን እያንዳንዱ ጭረትና እያንዳንዱ የውሃ ጠብታ ብርሃኑን ተቀብሎ በተነው። መንገዱ ጠፍቶ በምትኩ ነጭ ጭጋግ ቆመ። በመኪና መስታወት ላይ ያለው መጥረጊያ በዚህ ላይ የለም። አንገቱን ዘርግቶ ከላይ ለማየት ሲሞክር ጠርዙ ከዓይኑ ትይዩ ስለ ነበር እኩሌታው ጥርት ብሎ፣ እኩሌታው ደብዝዞ ይታየው ጀመር። በዚህ መካከል ራሷን በፕላስቲክ ከረጢት የከለለች ሴት መንገዱን ስታቋርጥ ያያት፣ ከፊት ጎማው አንድ ክንድ ያህል ስትቀር ነው። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ እርሱም ሞተሩን አቁሞ ዝናቡ እስኪያባራ ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ቆመ። እንጀራ ጭኖ ቢሆን ኖሮ ይበሰብስ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ያሰበው ስለ እንጀራ አልነበረም።

በማግሥቱ ሞተሩን ሲመልስ ለባልንጀራው ሁሉንም ነገረው፤ ባልንጀራው ግን በምሽት አይሠራምና ነገሩ ብዙም አልከነከነውም።

ከዚህ በኋላ ሞተረኛው የመከላከያውን ነገር ጨርሶ ይተዋል ብሎ የሚገምት ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። እርሱም ለሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያ አስቦ ነበር። ሐምሌ ግን እየቀረበ ነው። አልጋ ላይ የዋለባቸውን ሦስት ሳምንታትም አልረሳም፤ እናቱ በዚያ ወር በስልክ «አንተ ብቻ ደኅና ሁን» ማለታቸውንም አልረሳም። ደግሞም ነገሩን መልሶ ሲመረምረው፣ የተጣላው ከመከላከያው ጋር ሳይሆን ከቁመቱ ጋር መሆኑን ተረዳ። መብራት የበተነው፣ ራሱን ያንቀጠቀጠው፣ መሪውን የገፋው ያ ሁሉ ከፍታና ስፋት ነው። ደረቱን ያሞቀለት ግን የታችኛው ክፍል ነበር።

ወደ ኪሪንያጋ ጎዳና ተመልሶ ሄደና በዚያ አካባቢ ከሚሠራ አንድ መካኒክ ጋር ተነጋገረ። መካኒኩ ሽማግሌ ቢጤ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ሞተሩ ላይ እንደ ወትሮው እንዲቀመጥ፣ ጀርባውን እንዳያቃናና እንዳያጎብጥ አዘዘው። ከዚያም የአክሪሊኩን መከላከያ ከፊቱ ይዞ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ምልክቱ የወደቀው ከአፍንጫው ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ ከአገጩ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ሞተረኛው ይህ አነሰ ብሎ ሲከራከር መካኒኩ እጁን በጠርዙ ላይ ዘርግቶ ወደ ላይ አንሸራተተው፤ አየሩ ከጠርዙ ሲደርስ እዚያው እንደማይቆም፣ ሽቅብ ተወርውሮ ከዓይን በላይ እንደሚያልፍ ለማሳየት ነው። ሰው በመስታወቱ ውስጥ ሳይሆን ከመስታወቱ በላይ ማየት አለበት አለው። ከዚያ ጎንና ጎኑንም በመጋዝ አጠበበው፤ ጠርዙን በሞረድ አለዘበው። ማሰሪያውንም በመሪው ላይ ሳይሆን መሪው ሲዞር በማይዞረው ክፍል ላይ፣ በሁለት ብረትና በአራት ብሎን አሰረው። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ወሰደ፤ ዋጋውም ከመከላከያው ዋጋ ብዙ አያንስም ነበር።

ሞተረኛው ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠ። በዚያ ሳምንት ከሥጋ ወጥ ራቀ፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

እትዬ መከላከያውን ባዩ ጊዜ አልተደሰቱም። «ይኸ ምን ያህል ነገር ነው? እኔ እኮ እስከ ግንባርህ የሚደርስ መስሎኝ ነበር» አሉት።

«እስከ ግንባሬ ቢደርስ ማታ ማታ አያሳየኝም፣ እትዬ።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያም ወደ ጓዳ ገብተው አንድ የሱፍ ሻርፕ አምጥተው በአንገቱ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙለት። ሣጥኑን አሰረና ተነሣ። ፓንጋኒ ሲደርስ ገና አልነጋም ነበር፤ መብራቶቹ ከጠርዙ በላይ አንድ በአንድ ተለይተው ይታዩት ነበር። ሐምሌ ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።